«ውሃው ጤነኛ ነው» ብሎ ዓሣዎቼን አስጨረሰኝ

ዛሬ ጠዋት ጉፒ ከሚባሉት ትንንሽ የገንዳ ዓሣዎቼ የመጨረሻዋን ሞታ በመረብ አወጣኋት። ሐዘኑ ሳይሆን ንዴቱ ነው የሚያስጽፈኝ።

የሻጩን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ገንዳውን፣ ማጣሪያውን፣ ጠጠሩንና ዓሣውን በአንድ ቀን ጠቅልሎ ይሸጥና «ውሃ ሙላ፣ ነገ ልቀቃቸው» ይላል። ስምንት ጉፒ ገዛሁ። በአምስተኛው ቀን አንዱ ሞተ፤ በስምንተኛው ሁለት። የቀሩት ከውሃው ወለል ላይ ተሰብስበው አፋቸውን እየከፈቱ አየር ይለምኑ ነበር። ስንጥባቸው ቀልቶ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሰውነታቸው ላይ ግን ነጭ ነጠብጣብ የለ፣ ቁስል የለ፣ የተበላ ክንፍ የለ። ከገንዳው ውሃ በጠርሙስ ቀድቼ፣ አንዱን በድን በላስቲክ ቋጥሬ ወደ ሱቁ ሮጥኩ።

ልጁ በድኑን ዞር ብሎም አላየው። ከብልቃጥ አንድ የመመርመሪያ ወረቀት መዘዘ፣ ጠርሙሴ ውስጥ ነከረ፣ አራገፈ፣ ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ ወረወረ። አንድ ትንፋሽ እንኳን አልፈጀበትም። «ውሃው ጤነኛ ነው፤ በሽታ ገብቶባቸዋል» አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። ወረቀቱ ግን የቅርጫቱ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ከአምስቱ ካሬዎች አንዷ ቀስ እያለች ወደ ሮዝ ስትለወጥ በዓይኔ አየኋት። አየኋት! «ይህችስ?» ማለት ሲገባኝ፣ አላዋቂ መምሰሉን አፍሬ ዝም አልኩ። ጭራሽ አመሰገንኩት። ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ መድኃኒትና ያንኑ የመመርመሪያ ወረቀት ሸጠልኝና «የማጣሪያውን ስፖንጅ ቧንቧ ሥር አድርገህ አጥራው» ብሎ አሰናበተኝ። ከበሩ ሳልወጣ ለባልደረባው «ይመለሳል፤ ሌላ ዓሣ ያስፈልገዋል» ሲል ሰምቻለሁ። ሁለቱም ሳቁ። ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ መሰለኝ።

ልጁ አድርግ ያለኝን ሁሉ አደረግኩ። በማግስቱ አራቱ ሞቱ፤ ዛሬ ደግሞ አምስተኛዋ።

የብልቃጡን ጀርባ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ውጤቱ የሚነበበው ከ60 ሰከንድ በኋላ ነው ይላል። ሮዟ ካሬ የናይትራይት ናት። አሞኒያን የሚለካ ካሬ ጭራሹኑ የለውም! በአዲስ ገንዳ ዓሣ የሚፈጁት ደግሞ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ዓሣው ከሚያስወግደው ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ ይወጣል፤ አንዱ ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጠዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በስፖንጁ ላይ በበቂ ሁኔታ እስኪራቡ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ እኔ አንድ ሌሊት ነው የሰጠኋቸው። ናይትራይት የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ለካ አየር የሚለምኑት ለዚህ ነበር። ገና መራባት የጀመሩትን ባክቴሪያዎች በራሴ እጅ ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ አጥቤ ጣልኳቸው፤ ከዚያ የተረፈ ካለም ሜቲሊን ብሉው አይምረውም። ገንዘብ ከፍዬ ነው የገደልኳቸው።

ብልቃጡን ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። መመለሴን እንኳን አውቆልኛል። «እኛ ለዕቃ እንጂ ለነፍስ ዋስትና አንሰጥም» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ።

ዓሣችሁ አካሉ ላይ ምልክት ሳይታይ ከሞተ፣ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት አሞኒያና ናይትራይቱን ራሳችሁ ለኩ። ከሁለቱ አንዱ እንኳን ዜሮ ካልሆነ ክሎሪኑ በተወገደለት ውሃ ከገንዳው ከፊሉን ቀይሩ፣ ምግብም ቀንሱ። ስፖንጅ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ነው። ሱቅ ውስጥ የምታስለኩ ከሆነም ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላችሁ 60 ሰከንዱን እዚያው ቆማችሁ ቁጠሩ።