አርጎን ወይስ ያግ? አይሪስን የሚበሱ ሁለት ሌዘሮች

የዓይን ፈሳሽ መውጫው ሲጠብና ግላኮማ (የእይታ ነርቭን የሚጎዳ የዓይን በሽታ) ሲያሰጋ፣ ሐኪሙ ባለቀለሙን የዓይን ክፍል (አይሪስን) ዳር ላይ በሌዘር ይበሳዋል። ከኋላ የታቆረው ፈሳሽ በዚያች ቀዳዳ ወደ ፊት ያልፋል።

አርጎን የሚሠራው በሙቀት ነው። የአይሪሱ ቀለም ብርሃኑን ይውጣል፣ ሥጋው ይኮማተራል፣ ይቃጠላል። የደም ሥሮቹን ስለሚያትም ብዙም አያደማም። ግን ብዙ ተኩስ ይፈልጋል፤ ቀለሙ በሳሳ ሰማያዊ ዓይን ላይ ይቸገራል፤ ቀዳዳውም ውሎ አድሮ የመደፈን ዕድሉ ከያግ ይበልጣል።

ያግ ቀለም አይመርጥም። 1064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው፣ እጅግ አጭር በሆነ ምት ሥጋውን ይበጥሰዋል፤ በጥቂት ምትም ይጨርሳል። ጥቂት ሊያደማ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ሐኪሙ ዓይን ላይ ባስቀመጠው ሌንስ ለአፍታ ጫን ሲያደርገው ይቆማል።

እንደ አብዛኞቻችን ወፍራም፣ ጥቁር ቡናማ አይሪስ ላለው ሰው ሁለቱን ማከታተል ይሻላል ባይ ነኝ፦ አርጎን ያሳሳዋል፣ ያግ ይበሳዋል። አርጎን በሌለበት ግን ያግ ብቻውን ይበቃል።

በየትኛውም ቢሠራ ዓይን ይቆጣል፤ ለዚህ የስቴሮይድ ጠብታ ለጥቂት ቀናት ይታዘዛል። የዓይን ግፊት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሊያሻቅብ ስለሚችል፣ ሳይለካ ወደ ቤት መሄድ አይገባም።