የሁለት ፎቶን የማስተማሪያ ኪት፦ ጥሩ ዕቃ፣ ደካማ መመሪያ

ተመሳሳይ ቅንጣቶች አንዳቸው ከሌላቸው አይለዩም የሚለውን የኳንተም ሜካኒክስ ሕግ ተማሪው በቀመር ይሸመድደዋል እንጂ አያየውም። ይህ ኪት ያሳየዋል። የሚያሠራው የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሆንግ፣ ኡ እና ማንደል በ1987 ይፋ ያደረጉትን ሙከራ ነው።

የ405 ናኖሜትር ሌዘር ክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ አልፎ አልፎ አንዱ ፎቶን ለሁለት ተከፍሎ የ810 ናኖሜትር ጥንድ ይወጣል። ጥንዱ በሁለት ፋይበር ሄዶ እኩል በሚከፍል ጨረር ከፋይ ላይ ይገናኛል። የሚለዩ ከሆኑ ግማሹን ጊዜ በተለያየ በር ይወጣሉ። የማይለዩ ከሆኑ ግን «ሁለቱም አለፉ» እና «ሁለቱም ተንጸባረቁ» የሚሉት አማራጮች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ሁልጊዜ በአንድ በር አብረው ይወጣሉ። ሁለቱ ዲቴክተሮች በአንድ ጊዜ የሚመዘግቡት ጥምር ቆጠራ ወደ ዜሮ ይወርዳል። የአንዱ ፎቶን መንገድ ርዝመት በጥቂት በጥቂቱ ሲቀየር፣ ሁለቱ እኩል በሚደርሱበት ቦታ ይህ መውረድ በግራፉ ላይ እንደ ጉድጓድ ይታያል።

ኪቱን የምወደው በግማሽ ሞገድ ሳህኑ፣ ማለትም የፎቶኑን ፖላራይዜሽን (የብርሃኑን የመርገብገብ አቅጣጫ) በሚያዞረው ቁራጭ ነው። 45 ዲግሪ ሲዞር የአንዱ ፎቶን ፖላራይዜሽን 90 ዲግሪ ይዞራል፣ ጉድጓዱም ይጠፋል። ፖላራይዜሽኑን ማንም አልለካውም! መለየት መቻሉ ብቻ በቂ ሆነ።

መመሪያው ግን ጉድጓዱ እንዴት እንደሚገኝ በቅጡ አይነግርም። የ10 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ክልል ብቻ በሚያሳልፍ ማጣሪያ የጉድጓዱ ስፋት በግምት 65 ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በ100 ማይክሮሜትር እርምጃ የሚፈልግ ሰው ዘሎት ያልፋል። መጀመሪያ የ3 ናኖሜትር ማጣሪያ ይግጠሙ፤ ቆጠራው ቢቀንስም ጉድጓዱ ወደ 200 ማይክሮሜትር ይሰፋል። ፋይበሮቹንም አስቀድመው ይለኩ፤ የ1 ሚሊሜትር ልዩነት በአየር ወደ 1.5 ሚሊሜትር ይጠጋል።

ጉድጓዱ ተገኝቶ ጥልቀት ካነሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው የታጠፈ ፋይበር ነው፤ ፖላራይዜሽኑን ያዛባል። ፋይበሮቹን ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር ያጣብቋቸው። ጥልቀቱ ከ50 በመቶ ካላለፈ ተራ የሞገድ ብርሃንም ያንኑ ሊያደርግ ስለሚችል ምንም አላሳዩም ማለት ነው። ቀጥሎ የአጋጣሚ ግጥምጥሞሽ፣ ማለትም ጥንድ ያልሆኑ ፎቶኖች አብረው መቆጠር አለ፦ እያንዳንዱ ዲቴክተር በሰከንድ 50,000 ቢቆጥርና የጊዜ መስኮቱ (ሁለት ምዝገባዎች እንደ አንድ ጊዜ የሚቆጠሩበት ልዩነት) 10 ናኖሰከንድ ቢሆን፣ በሰከንድ 25 የሐሰት ጥምር ቆጠራ ይመጣል። ሶፍትዌሩ ይህን በራሱ ይቀንሳል፤ ያጥፉትና ተማሪዎቹ ያስሉት። ዲቴክተሮቹ በርተው ሳሉ የክፍሉ መብራት ፈጽሞ አይብራ።

ለዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ያለማመንታት ይገዛል። ነገር ግን የሚያሳየው ቦዞኖችን፣ ማለትም እንደ ፎቶን ያሉ ቅንጣቶችን ብቻ ነው፤ በተመሳሳይ አቀማመጥ ኤሌክትሮኖች ቢሆኑ በተለያየ በር ይወጡ ነበር። ያንን በፎቶን ለመምሰል በፖላራይዜሽን የተጠላለፈ (የአንዱ ሁኔታ ከሌላው ተለይቶ የማይገለጽ) ጥንድ የሚያመነጭ ሞዴል ያስፈልጋል፤ ጥንዱ ፀረ-ሲሜትሪያዊ (ሁለቱ ቢለዋወጡ ምልክቱ የሚገለበጥ) ሲደረግ ጉድጓዱ ጉብታ ይሆናል።