የመንዝ ባና ለሯጭ እንቅልፍ ምን ያህል ይበጃል?

ከ40 ዓመቴ በኋላ ሩጫ የጀመርሁ ሰው ስሆን በሳምንት ሦስት ቀን ማለዳ ከደብረ ብርሃን ወጥቼ በአንኮበር መንገድ እሮጣለሁ። ባለፈው ዓመት ከሩጫ በኋላ ጭኔን ለሦስትና ለአራት ቀን ሲያመኝ በመጀመሪያ በጫማዬ፣ ቀጥሎም በዕድሜዬ አመካኘሁ እንጂ የሌሊቱን ነገር ልብ አላልሁትም ነበር። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው ከተማችን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ እግሬ እስኪሞቅ እኩለ ሌሊት ይደርሳል፤ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ስደራርብ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በላብ ርሼ እነቃለሁ፤ ስገልጠው ብርዱ መልሶ ይቀሰቅሰኛል። ይህን ለማስተካከል የገዛሁት የመንዝ ባና፣ ማለትም ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አሁን አልጋዬ ላይ ሦስተኛ ወሩን ይዟል።

የመጀመሪያው ግዢዬ አልተሳካም። ንጹሕ የበግ ጠጉር ነው ተብሎ በገበያ የተሸጠልኝ ባና ቤት ገብቼ ከዳሩ አንድ ክር መዝዤ በክብሪት ስለኩሰው ቀልጦ እንደ ፕላስቲክ ደረቅ ፍሬ ሆነ። እውነተኛ የበግ ጠጉር ሲቃጠል እንደ ሰው ፀጉር ይሸታል፤ የሚተርፈውም በጣት ሲያሹት የሚፈርስ አመድ ነው። ሁለተኛውን የገዛሁት ክሩን እዚያው ሻጩ ፊት ለኩሼ ነው፤ ሰውየው ቅር ቢለውም አልተቆጨሁም። በእንዝርት የተፈተለ፣ በሸማኔ እጅ የተሠራ፣ ማቅለሚያ ያልነካው ጥቁር ቡናማ ነው፤ ከፋብሪካው ብርድ ልብስ በእጥፍ ግድም ይወደዳል።

ጥቅሙ ከሙቀቱ ብዛት ይልቅ ሙቀቱን እኩል አድርጎ በማቆየቱ ላይ ነው። ሰውነት እንቅልፍ ሊይዘው ሲል በእጅና በእግር በኩል ሙቀት እያስወጣ የውስጡን ሙቀት ዝቅ ያደርጋል፤ እግር ከቀዘቀዘ ግን የደም ሥሮቹ ስለሚጠብቡ ይህ ሥራ ይዘገያል፣ እንቅልፉም ይርቃል። የበግ ጠጉር በበኩሉ የክብደቱን ሢሶ የሚያህል እርጥበት ስቦ እንኳ ሲነኩት እርጥብ ስለማይመስል፣ የ9 ሰዓቱ ላብ ቀርቶልኛል። ለሯጭ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ምክንያቱም ለጡንቻ ጥገና የሚረዳው የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በሌሊቱ መጀመሪያ ላይ በሚመጣው ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ነው። ይህ ከባድ እንቅልፍ ደግሞ ዕድሜ ሲጨምር እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ እንደ እኔ ያለ ጎልማሳ ያለችውን በብርድና በላብ ሊያባክናት አይገባም። የጭኔ ሕመም አሁን በሁለተኛው ቀን ይለቀኛል።

ምስጋናው ሁሉ ግን የባናው አይደለም። በዚያው ወር ከሥራ መልስ እጠጣው የነበረውን ቡና ትቻለሁ፤ እንቅልፍ የሚከለክለው የቡናው ንጥረ ነገር (ካፌይን) ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ በረካ ጠጥቶ 4 ሰዓት ላይ መተኛት ራስን ማታለል ነበር። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሐኪሞች ማኅበር በ2015 እ.ኤ.አ. ለአዋቂ ሰው ቢያንስ የ7 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልግ አሳውቋል። እኔም ከ4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ስተኛ ነው ለውጡን ያየሁት፤ ኳስ እያየሁ እስከ 7 ሰዓት ባመሸሁበት ሳምንት ባናው ምንም አልፈየደልኝም፣ እግሬም እንደ ድሮው ከብዶኝ ሰነበተ።

እንከኖቹም አሉት። ይኮሰኩሳል፤ ከሥሩ አንሶላ ወይም ጋቢ ሳያደርጉ ሊለብሱት አይቻልም። በመጀመሪያው ወር ጠጉሩ እየረገፈ ምንጣፉን አልብሶት ነበር። ሲታጠብ በውኃ ከብዶ ለሁለት ሰው ያስቸግራል፣ እስኪደርቅም ቤቱ የበግ በረት ይሸታል፤ በሙቅ ውኃ ካጠቡት ይኮማተራል፤ ፀሐይ ሳያገኝ ከተቀመጠ ብል ይበላዋል። ለቆላ ሰው አልመክረውም፤ ሸዋ ሮቢት ያለ ወዳጄ ግዛልኝ ቢለኝ እንኳ ገንዘብህን አታባክን እለዋለሁ። ለደጋ ሰው፣ በተለይም ማለዳ ለሚሮጥ፣ ክሩን ለኩሶ እስከ ገዛ ድረስ ዋጋው አይበዛበትም። ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማችበትም፤ የራሷን ብርድ ልብስ አውጥታ ባናውን ወደ እኔ በኩል ገፍታዋለች።