ለድርብርቡ ሜሬንግ የትኛው ክሬም ይሻላል? ባሕር ዳር ላይ የሚገኙት ሦስቱ ሲመዘኑ

ድርብርብ ሜሬንግ ዱቄትም ቅቤም የሌለበት ኬክ ነው። የእንቁላል ነጭ ከስኳር ጋር ተመትቶ፣ ክብ ክብ ሆኖ በዝግታ ይደርቃል፤ ከዚያ በየመሀሉ ክሬምና ፍራፍሬ እየገባ ይደረደራል። የሚደበቅበት ቦታ የለም፤ ክሬሙ ከላላ ኬኩ ይንሸራተታል፣ ክሬሙ ከጣፈጠ ደግሞ ሁለት ማንኪያ ተበልቶ ሳህኑ ይገፋል። ባሕር ዳር ላይ ለዚህ ሥራ የሚገኘው ክሬም ሦስት ዓይነት ነው፦ በውሃ ወይም በወተት የሚመታው የዱቄት ክሬም፣ ብዙ ጊዜ የሚቆየው የካርቶን ፈሳሽ ክሬም፣ እና ከጥሬ ወተት ላይ የሚገፈፈው የአገር ቤቱ ክሬም።

ፍርዱን እናስቀድም። ሦስት ደርብ ቆሞ በቢላ እንዲቆረጥ ከተፈለገ የካርቶኑ ክሬም አንደኛ ነው። በጣዕም የአገር ቤቱን የሚደርስበት የለም፤ ግን ከአንድ ደርብ በላይ አይሸከምም፣ ድካሙም ብዙ ነው። የዱቄቱ ከሁሉም በላይ ጸንቶ ይቆማል፤ ለሜሬንግ ግን እንዳለ አይሆንም፣ መስተካከል አለበት። ምክንያቱ ከታች አለ። መጀመሪያ ሦስቱ የተመዘኑበት ሜሬንግ ይታወቅ።

20 ሴንቲሜትር ስፋት ላላቸው ሦስት ክቦች 180 ግራም የእንቁላል ነጭ፣ 330 ግራም ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ፣ 10 ግራም የበቆሎ ስታርች። በእንቁላል ቁጥር አትሂዱ፣ በሚዛን ሂዱ። የፈረንጅ እንቁላል ነጩ ከ30 እስከ 35 ግራም ይመዝናል፤ የሐበሻው 20 ግራምን ጥቂት ቢያልፍ ነው። ስድስት የሐበሻ እንቁላል ሰብሮ 330 ግራም ስኳር የገለበጠበት ሰው የሚያገኘው አረፋ ሳይሆን የሚዝለገለግ ሽሮፕ ነው። አስኳል ጠብ ካለችበትም ነጩ አይነሳም፤ እያንዳንዱን እንቁላል ለብቻው በሲኒ ሰብራችሁ ካያችሁት በኋላ ወደ ትልቁ ሳህን ገልብጡ። ሳህኑ ብረት ወይም ብርጭቆ ይሁን። ፕላስቲክ የቱንም ያህል ቢታጠብ ቅባት ይይዛል።

አሠራሩ በእንፋሎት ላይ የሚሞቀው ቢሆን ይመረጣል። የሱቁ ስኳር ቅንጣቱ ትልቅ ነው፤ በቀዝቃዛ ነጭ ውስጥ ሳይሟሟ ቀርቶ ኋላ ኦቨን ውስጥ ጠብታ ሆኖ ያለቅሳል። ነጩንና ስኳሩን በአንድ ሳህን አድርጋችሁ በሚተን ውሃ ላይ አስቀምጡ፤ የሳህኑ ቂጥ ውሃውን አይንካ። ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ አድርሱት። ቴርሞሜትር ከሌለ ጠብታ ወስዳችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል እሹት፤ አሸዋ አሸዋ ካለ ገና ነው፣ እንደ ዘይት ካንሸራተተ ደርሷል። አውርዳችሁ ሎሚውን ጨምሩና ሳህኑ እስኪቀዘቅዝ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ በሚክሰር ምቱ፤ ስታርቹ በመጨረሻ በወንፊት ተነፍቶ በማንኪያ ይታጠፋል። ይህ አሠራር ለባሕር ዳር የሚስማማበት ሌላም ምክንያት አለው፦ መብራት መሀል ላይ ቢጠፋ በቀዝቃዛ ከተመታው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ሳይሟሽሽ ይጠብቃል።

ከፍታውንም አትርሱ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። በእንፋሎት ለሚሞቀው ይህ ለውጥ አያመጣም። የስኳር ሽሮፕ አፍልተው ነጩ ላይ የሚያፈሱበትን የጣሊያኖቹን ስልት ለሚመርጡ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። የውጭ መጻሕፍት ሽሮፑን 118 ዲግሪ አድርሱት ይላሉ፤ ያ ቁጥር በባሕር ወለል ላይ ላለ ወጥ ቤት ነው። እዚህ 112 ሲል ይበቃል። 118 እስኪሞላ የጠበቀ ሰው ሽሮፑ ውሃው ከሚገባው በላይ ተኖበት፣ ነጩ ላይ ሲፈስ በሳህኑ ጠርዝ እንደ ከረሜላ ክር ይደርቅበታል። በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የአረፋው ጉንጉን ኦቨን ውስጥ ይበልጥ ይነፋል፤ ከተነፋ በኋላ ይወድቃል። ስለዚህ ጫፉ እንደ ችንካር ቀጥ እስኪል አትምቱ። መምቻው ሲነሳ ጫፉ እንደ ወፍ ምንቃር ጎንበስ ካለ አቁሙ።

በ100 ዲግሪ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ከዚያ ኦቨኑን አጥፍታችሁ ሳትከፍቱ እዚያው ይቀዝቅዝ። የጋዝ ኦቨን ትንሹ እሳቱ ብዙ ጊዜ ከ140 በታች አይወርድም፤ በሩ ላይ የእንጨት ማንኪያ ሰክታችሁ ገርበብ አድርጉት። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ የኤሌክትሪክ ኦቨን ከሆነ የላዩን እሳት አጥፉ፣ ካልሆነ ልብሱ ቡናማ ሆኖ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ክቡ ከወረቀቱ ያለ ትግል ተነስቶ ቂጡ በጥፍር ሲመታ ባዶ ቆርቆሮ ከመሰለ ደርቋል። ላዩ ላይ ማር የመሰለ ጠብታ ካወጣ እሳቱ በዝቶበታል። ከሥሩ ውሃ ካቆረ ወይ ስኳሩ አልሟሟም ወይ አልደረቀም። መብራት ቢጠፋ በሩን አትንኩ፤ የተያዘው ሙቀት ሥራውን ይቀጥላል፣ ሲመጣ የጎደለውን ጊዜ ጨምሩለት።

አሁን ወደ ክሬሞቹ።

የዱቄት ክሬም። አብዛኛው ቅባቱ ከወተት ሳይሆን ከዘንባባ ፍሬ የሚወጣ የረጋ የአትክልት ቅባት ነው፤ ስኳርና ማያያዣም አለው። ጥንካሬው የሚመጣው ከዚያ ነው፦ በሚያዝያ ሙቀት የካርቶኑ ክሬም ሲልመጠመጥ እሱ ጽጌረዳውን እንደያዘ ይቆማል። ለልደት ኬክ ማስጌጫ የሚፈለገውም ለዚህ ነው። በሜሬንግ ላይ ግን ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛው ጣፋጭነቱ ነው፤ ደርቆ የወጣ ሜሬንግ አብዛኛው ክብደቱ ስኳር ስለሆነ ከሥሩ ሌላ ስኳር አይፈልግም። ሁለተኛው፣ ቅባቱ በአፍ ሙቀት ሙሉ በሙሉ አይቀልጥም፤ ላንቃ ላይ እንደ ሰም ለጥፎ ይቀራል፣ የማንጎውን ጣዕምም ይሸፍናል። መፍትሔ አለው፦ ፓኬቱ ከሚለው ፈሳሽ ሩቡን ቀንሱ፣ በውሃ ፋንታ በጣም በቀዘቀዘ ወተት ምቱ፣ ሲጠነክር ለ100 ግራም ዱቄት 100 ግራም በሻሽ ተንጠልጥሎ ውሃው የወጣለት እርጎና የአንድ ሎሚ ልጣጭ ፍቅፋቂ አጥፉበት። ኮምጠጥ ሲል ስኳሩን ይሰብረዋል። ስኳር አትጨምሩ፣ በጭራሽ።

የካርቶን ክሬም። እዚህ ላይ ገንዘብ የሚባክነው ሱቅ ውስጥ ነው። ‹ዊፒንግ› የሚለውና ‹ኩኪንግ› የሚለው ካርቶን አጠገብ ለአጠገብ ይደረደራሉ፣ መልካቸውም ይመሳሰላል። የሚመታው ቅባቱ 35 በመቶ የሆነው ነው። ከ30 በታች የሆነው ለሶስ ነው እንጂ የፈለጋችሁትን ያህል ብትመቱት አይቆምም፤ ሚክሰሩም አይረዳ፣ ቅዝቃዜም አይረዳ። ከፊት ያለውን ሥዕል ትታችሁ ከኋላ ያለውን የቅባት ቁጥር አንብቡ። ካርቶኑን ነቅነቅ አድርጉት፦ ዝም ብሎ ከተንቦጫቦጨ ጥሩ ነው፣ እንደ ድንጋይ የሚመታ ጓል ካለው ፀሐይ ያገኘው መደርደሪያ ላይ ከርሟል፣ ቅባቱ ተለያይቷል።

ለሦስት ደርብ 600 ሚሊ ሊትርና 30 ግራም ስኳር ይበቃል። ካርቶኑ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ 12 ሰዓት ይደር፤ ቸኩሎ በረዶ ቤት ማስገባት ቅባቱን ይሰባብረዋል፣ ሲመታም ፍርፍር ይላል። ሳህኑና መምቻው ግን 15 ደቂቃ በረዶ ቤት ቢቆዩ ጥሩ ነው። መብራት የሚያስጨንቅ ከሆነ ከዋዜማው ሁለት ሃይላንድ ውሃ አቀዝቅዛችሁ ከሳህኑ ግራና ቀኝ አቁሙ። ሥራው ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፤ ከምሳ በኋላ ወጥ ቤቱ ሲሞቅ ያው ክሬም አይያዝም። በመካከለኛ ፍጥነት ምቱ፣ የመምቻው ፈለግ ሳይጠፋ ሲቀር ሚክሰሩን አቁሙ፣ የቀረውን በእጅ መምቻ ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ያለችው ግማሽ ደቂቃ አደገኛ ናት። ወተት ስትንጥ ያደገች እጅ ታውቀዋለች፦ መጀመሪያ ነጩ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ቀጥሎ ዳር ዳሩ ይሻክራል፣ ከዚያ አሬራና ቅቤ ነው። ሻካራው ላይ ከተደረሰበት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያልተመታ ክሬም በማንኪያ ቢታጠፍበት ይመለሳል። ቅቤ ከሆነ ግን ያው ቅቤ ነው፣ ጨው ነስንሳችሁ ለዳቦ አድርጉት።

የአገር ቤቱ ክሬም። በጣና ምሥራቅ በኩል ያለው የፎገራ ላም ወተት ከፈረንጅ ላም ወተት ይልቅ ቅባት ይበዛዋል፤ ክሬሙም ወፍራም ነው፣ ራሱን የቻለ ጣዕም አለው። ጥሩ ወተት ከሆነ 5 ሊትሩ በሰፊ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ 24 ሰዓት ሳይነካ ቆይቶ ግማሽ ሊትር ገደማ ክሬም በጭልፋ ይገፈፍለታል። ይህ ጥሬ ስለሆነ እንዳለ አይበላም፤ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳ ያስተላልፋል። ክሬሙን ለብቻው በእንፋሎት ላይ 75 ዲግሪ አድርሳችሁ እዚያው 5 ደቂቃ አቆዩት፣ በበረዶ ውሃ አቀዝቅዙት፣ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። በዚያው ቀን ከተመታ አይነሳም፤ ቅባቱ መልሶ የሚጠጥረው ሌሊቱን ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የወተት ዕቃው ታጥኗል? በወይራ የታጠነ ዕቃ ለእርጎና ለቅቤ ሞገስ ነው። ክሬሙ ግን ጭሱን ሙሉ በሙሉ ይስባል፣ ከማንጎ ጋር ሲገናኝም ይጣላል። ያልታጠነ ካልተገኘ ፍራፍሬውን ቀይሩ፤ በሙዝና በጣም በላመ አንድ የሻይ ማንኪያ የዘጌ ቡና ጭሱ ራሱ ጌጥ ይሆናል። ይህ ጥምረት ከካርቶኑ ከሚሠራው የማንኛውም ኬክ ጣዕም ይበልጣል። ጉድለቱ፣ ቅባቱ ከወተት ወተት ስለሚለያይ አንዳንዴ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አትደርድሩት። ክቦቹን ትናንሽ አድርጋችሁ ጋግሩ፣ በየሳህኑ አንድ ክብ፣ ከላዩ አንድ ትልቅ ማንኪያ ክሬም፣ ወዲያው ይቅረብ።

ስለ ፍራፍሬው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ማንጎ ለዚህ ኬክ የተፈጠረ ነው። 500 ግራም ሥጋውን በትንሽ በትንሹ ከትፋችሁ 20 ደቂቃ ወንፊት ላይ አስቀምጡ፣ የወጣውን ጭማቂ ለብቻው አቅርቡ። ፓፓያና አናናስ ጥሬያቸውን ከክሬም ጋር አይደሩ፦ በውስጣቸው ያለው ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም የወተቱን ፕሮቲን እየበላ ክሬሙን ያቀጥነዋል፣ መራራም ያደርገዋል። አናናሱ ከጥቂት ስኳር ጋር ደህና ፈልቶ ከቀዘቀዘ ችግር የለውም። ዘይቱን (ጓቫ) ፍሬው ስለሚያስቸግር ቀቅላችሁ በወንፊት አጥልሉት፤ ኮምጣጣ መረቁ ለዱቄቱ ክሬም ጥሩ ጓደኛ ነው።

ክሬሙ ሜሬንጉን በቀጥታ ከነካው በአንድ ሰዓት ያላላዋል። የየክቡን ፊት በቀለጠ ጥቁር ቸኮሌት በስሱ ቀብታችሁ አድርቁት፤ ለሦስቱ 80 ግራም ይበቃል። ደርድራችሁ ፍሪጅ ውስጥ ሰዓት ተኩል አስቀምጡ። ልቡ ትንሽ ሲለዝብ ልብሱ እንደጠጠረ ይቆያል፣ በጥርሳሙ የዳቦ ቢላ ሲቆረጥም አይበታተንም። ከሦስት ሰዓት በላይ ግን አይቆይ። ግብዣው ሌላ ሰፈር ከሆነ የተደረደረ ኬክ ይዛችሁ ባጃጅ አትግቡ፤ ክቦቹን በክዳናም ባልዲ፣ ክሬሙን በሃይላንድ በረዶ መሀል፣ ማንጎውን ለብቻው ይዛችሁ እዚያው ደርድሩ። ባልዲው ክዳኑ ግጥም ይበል። ክረምት ላይ ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ደረቁን ሜሬንግ ጣት ላይ የሚጣበቅ ያደርገዋል።

ለጾም የሚሠራ ካለ፣ ነጩን 180 ግራም የሽምብራ ቅቅል ውሃ ይተካዋል፤ እንደ እንቁላል ነጭ እስኪወፍር ድረስ ተንተክትኮ ይቀዝቅዝ፣ በእንፋሎት ግን አይሞቅ፣ ስኳሩ ተፈጭቶ በጥቂት በጥቂቱ ይግባ። ክሬሙ የዱቄቱ ነው የሚሆነው፤ በወተትና በእርጎ ፋንታ በቀዝቃዛ ውሃና በሎሚ ልጣጭ። የአትክልት ቅባት ነው ተብሎ ግን ዝም ብሎ አይገዛ። ብዙዎቹ ፓኬቶች ጀርባቸው ላይ ‹ሶዲየም ካዜይኔት› የሚል አለባቸው፤ እሱ ከወተት የወጣ ፕሮቲን ስለሆነ ለጾም አይሆንም።