የቤተሰባችን ባለ 5ኤል ሃይሉክስ፦ ይቆይ ወይስ ይተካ?

አባታችን ይህን ባለ ሁለት ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ የገዙት በ1998 ዓ.ም. ነው። መኪናው በ1999 እ.ኤ.አ. የተመረተ፣ 2,986 ሲሲ የሆነ 5ኤል የናፍጣ ሞተር የተገጠመለት፣ ከኋላ በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ፒካፕ ሲሆን፣ ላለፉት ሃያ ዓመታት ግድም ገብስና ባቄላ ከማሳ ወደ ደብረ ብርሃን፣ በግ ከመሐል ሜዳ ገበያ፣ ማሾ ደግሞ ከሸዋ ሮቢት ሲያመላልስልን ኖሯል። ዘንድሮ ግን ታናሽ ወንድሜ «ይሸጥና አዲስ ይገዛ» ሲል፣ አባታችን ደግሞ «ይታደስ» ሲሉ ክረምቱ በሙግት አለፈ። ነገሩን ለይቶ የማቅረብ ኃላፊነት በእኔ ላይ ስለወደቀ፣ መኪናውን ከሞተር እስከ ሻሲ (መኪናውን በሙሉ የሚሸከመው የብረት አጽም) አስፈትሼ ያገኘሁትን፣ በተለይም በእኛ አካባቢ ተመሳሳይ መኪና ላላቸው ቤተሰቦች ይጠቅማል ብዬ እጽፋለሁ።

ከሞተሩ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚፈርደው በእሱ ላይ ነው። 5ኤል ቱርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የለውም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሰባ በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ይሳሳል፣ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ፖምፓው የሚልከው ናፍጣ ካልተመጠነለትም በደንብ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። የእኛ መኪና ጭነት ይዞ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጣ በሁለተኛ ማርሽ ይጎተታል፣ ያጨሳልም። ወንድሜ ይህን አይቶ «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ነበር፤ በእኔ እምነት ግን ይህ ከእርጅና ይልቅ የከፍታ ጠባይ ነው። የሚያሰጋው ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ሰማያዊ ጭስ ነው፤ እሱ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ማለትም የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎሚኒ ማለቁን ያመለክታል። በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ የሚታየው ነጭ ጭስ አብዛኛውን ጊዜ የማሞቂያ ካንዴላ ጉዳይ ነው። የሲሊንደሮቹን እመቃ አስለክተን አራቱም ተቀራራቢ ሆነው ስላገኘናቸው ሞተሩን የማስወረድ ሐሳብ ለጊዜው ተተወ።

ይሁን እንጂ የዚህ ሞተር እውነተኛ ድክመት ሙቀት ነው፤ በዚህ ላይ ዋጋ ከፍለናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባቄላ ጭነን ጣርማ በርን ስንወጣ ውኃው ፈልቶ ገነፈለ፣ የሞተሩ ቴስታታም (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) ተሰነጠቀ። ያኔ መኪናውን ያየ አንድ ጋራዥ ራዲያተሩን ለወጠልን፤ ችግሩ ግን ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። በኋላ እንደተረዳነው ጥፋቱ የራዲያተሩ ክዳን ነበር። በደብረ ብርሃን ከፍታ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውኃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዲያልፍ የሚከፍተው የሞተሩ ቴርሞስታት ደግሞ በሚገባ የሚከፈተው ከዚያ ብዙም በማይርቅ ሙቀት ነው። ጤነኛ ክዳን ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ የመፍያው ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ጎሚኒው ያለቀ ክዳን ግን ግፊቱን ያስተነፍሳል፣ ውኃውም በቆላ በማይፈላበት ሙቀት እዚህ ይፈላል። ለቴስታታ ያወጣነው ገንዘብ ብዙ መቶ ክዳን ይገዛ ነበር ስል አላጋነንኩም። በደጋ የሚነዳ ሰው ክዳኑን በየዓመቱ እንዲቀይር፣ ከውኃው ጋርም የራዲያተር ፈሳሽ እንዲቀላቅል አጥብቄ እመክራለሁ፤ ፈሳሹ ለሙቀቱም ለውርጩም ይጠቅማል። ከዚሁ ጋር የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው የታይሚንግ ቺንጋ ነገር አለ፤ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት የሚበራው ያለ ምክንያት አይደለም፣ ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉና።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ውሳኔውን የቆረጠው ሞተሩ አልነበረም። መኪናውን ያየልን አዛውንት መካኒክ ከሥሩ ወጥተው ለአባታችን እንዲህ አሏቸው፦ «ጋሼ፣ ሞተሩን እኔ አድስልዎታለሁ፤ ሻሲው ከበሰበሰ ግን ማንም አያድስልዎትም።» ስለዚህ ስፖንዳው ወርዶ ሻሲው በመዶሻ እየተኮረኮረ ተፈተሸ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ይደፈናል። ይበልጥ የሚያስፈራው ሻሲው ከኋላ አክሰል በላይ የሚታጠፍበት ክፍልና የባሌስትራ ማንጠልጠያዎቹ የተያያዙበት ቦታ ነው፤ ጭቃ ተጠራቅሞ እርጥበት የሚይዘው እዚያ ነውና። በግ ለሚጭን መኪና ደግሞ ከጭቃው የባሰ ነገር አለ። የበግ ሽንት በስፖንዳው ወለል ቀዳዳዎች እየተንጠባጠበ ብረቱን ይበላል፤ በእኛም መኪና ዝገቱ የበረታው ከቀዳዳዎቹ በታች ባለው ላሜራ ላይ ነበር። አባታችን ከመሐል ሜዳ በተመለሱ ቁጥር፣ ምሽት ቢሆንም እንኳ፣ ስፖንዳውን በውኃ ሳያጥቡ አያድሩም ነበር፤ ልጆች ሳለን የምናማርረው ያ ልማድ ሻሲውን እንዳዳነው አሁን አይቻለሁ። ላይ ላዩ ዝጓል፣ ነገር ግን አልሳሳም፣ የተበየደም ቦታ የለውም።

ሁለተኛው መመዘኛዬ ፍሬን ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከሠሩት የጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መኪና ከ1,500 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። የጭነት መኪና በዝቅተኛ ማርሽ፣ በሞተሩ ጉልበት እየተገታ መውረድ አለበት፤ ፍሬኑን ያለማቋረጥ የሚረግጥ ሰው ሸራውን ያግላል፣ ዘይቱንም ያፈላል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ይቋቋማል፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል፣ ሲፈላም ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። የእኛ ዘይት ለስንት ዓመት እንዳልተቀየረ ማንም ሊያስታውስ አልቻለም፤ ይህን ስሰማ በእውነት ደነገጥሁ። አሁን ዘይቱ ተቀይሯል፣ የኋላው ሸራም ታዟል።

በምትኩ ምን ይገዛል የሚለውን ባጭሩ ልግለጽ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ ለገበያ ተተወ። በዚህ ሁሉ ላይ ያገለገለ ሃይሉክስ ዋጋ ለእኛ ዓይነቱ ቤተሰብ የማይቀመስ ሆኗል። ወንድሜ የሚመኘው ከእኛው በኋላ የመጣውን ባለ ቱርቦ ሃይሉክስ፣ ቪጎን ነው። በዚህ ከፍታ ጉልበቱ ከእኛው ጋር እንደማይወዳደር አልክድም፤ ነገር ግን ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት የሚረጩት የኮመን ሬል ኢንጀክተሮቹ ውኃና ቆሻሻ የገባበትን ናፍጣ አይታገሡም፣ እኛ ደግሞ ማደያ ሲደርቅ በጀሪካን የተቀዳ ናፍጣ የምንጠቀምባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። የኤሌክትሪክ ፒካፕም አስበናል፤ ሞተሩ ከፍታ አይበግረውም፣ ቁልቁለቱንም ባትሪ እየሞላ ይወርዳል፣ ይህም ለጣርማ በር የተሠራ ያስመስለዋል። ይሁን እንጂ በእኛ ሰፈር መብራት በሚጠፋበት ሁኔታ ጭነት ይዤ ወደ መንዝ ለመውጣት ዛሬ አልደፍርም።

ወንድሜ ካነሣቸው ነጥቦች መልስ ያጣሁለት አንድ ነው፦ ይህ መኪና ኤርባግም ኤቢኤስም (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) የለውም፣ ልጆቹም ይሳፈሩበታል። ይህን ምንም ዓይነት እድሳት አያሟላውም። ስለዚህ መኪናው እንዲቆይ ስንስማማ፣ ከእርሻና ከገበያ ሥራ ውጪ ልጆችን ይዞ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ድረስ እንዳይሄድ፣ ሌሊትም ቁልቁለት እንዳይወርድ ተስማምተናል። መኪናውን በዋናነት በአስፋልት ለረጅም መንገድ፣ ቤተሰብ ለማጓጓዝ የሚጠቀም ሰው ቢጠይቀኝ አቅሙ ካለው ይተካው እለዋለሁ፤ ሻሲው የሳሳበት ሰው ቢጠይቀኝም፣ የሞተሩ ድምፅ ምንም ያህል ቢያምር፣ መልሴ ያው ነው።

ለእኛ ግን የእድሳቱ ጠቅላላ ወጪ የአንድ ያገለገለ ቪጎ ዋጋ አንድ አሥረኛ እንኳን አልሞላም። ክዳኑ፣ የውኃ ቱቦዎቹ፣ ካንዴላዎቹና የፍሬን ዘይቱ ተቀይረዋል፤ ሻሲው ተፍቆ ጸረ ዝገት ተቀብቷል፤ የስፖንዳው ወለልም በአዲስ ላሜራ ተሸፍኖ የሽንቱ መውረጃ ከሻሲው ውጪ እንዲሆን ተደርጓል። የቀሩት የኋላው ፍሬን ሸራና የታይሚንግ ቺንጋው ናቸው፤ ሁለቱም አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ እስኪመጡ ድረስ መኪናው ከደብረ ብርሃን እንዳይወጣ አባታችን ቁልፉን ራሳቸው ይዘዋል።