የድሬዳዋ ውኃ እና የቺለር ጥገና፦ የአንድ ዓመት አገልግሎት ግምገማ

ድሬዳዋ ውስጥ የኖረ ሰው በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። የከተማው የከርሰ ምድር ውኃ ከኖራ ድንጋይ አለት ውስጥ ስለሚወጣ ካልሲየም በብዛት ይዟል፤ ውኃው ሲሞቅም ካልሲየሙ ተለይቶ በሞቀው ብረት ላይ ይጋገራል። እኔ የማስተዳድረው ሕንፃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ውኃ ነው። ምድር ቤት 100 ቶን የማቀዝቀዝ አቅም ያለው ቺለር (ሕንፃውን የሚያቀዘቅዘው ማሽን)፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ ኩሊንግ ታወር (ከማሽኑ ሞቆ የሚወጣውን ውኃ በአየር የሚያቀዘቅዝ ማማ) አለን። ሁለቱንም በየጊዜው እንዲፈትሽና እንዲያጸዳልን ከአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ጋር የአንድ ዓመት ውል ይዘን ቆይተናል፤ ውሉ ሊታደስ በመሆኑ የታዘብኩትን አስፍሬአለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም።

ከዚህ ውል በፊት ባለሙያ የምንጠራው ማሽኑ ሲቆም ብቻ ነበር፤ ማሽኑ ደግሞ የሚቆመው ሙቀቱ በሚበረታበት በግንቦትና በሰኔ ነው። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ሁለት ቴክኒሻኖች ሳይጠሩ መምጣታቸው ብቻውን ትልቅ ለውጥ ነበር።

በመጀመሪያው ጉብኝት ደስ ያሰኘኝ፣ ካቻቢቴ ሳያነሡ በፊት ወረቀት ማውጣታቸው ነው። ወደ ኮንደንሰሩ (የማቀዝቀዣው ጋዝ ሙቀቱን በቱቦዎች ውስጥ ለሚያልፈው ውኃ የሚሰጥበት ክፍል) የሚገባውንና የሚወጣውን ውኃ ሙቀት፣ የጋዙን ግፊትና የሞተሩን አምፔር መዘገቡ። ከዚያም ጋዙ ወደ ፈሳሽነት የሚለወጥበትን ሙቀት ከኮንደንሰሩ ከሚወጣው ውኃ ሙቀት ጋር አነጻጸሩ። ቱቦዎቹ ንጹሕ ሲሆኑ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የእኛ 5 ዲግሪ ነበር። ቅርፊቱ ሙቀት እንዳያልፍ ስለሚከለክል ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር ያንኑ ቅዝቃዜ ለመስጠት ከፍ ባለ ግፊት ይሠራል፣ የመብራት ሒሳቡም በዚያው ልክ ይጨምራል። የኮንደንሰሩን ክዳን ፈትተው እያንዳንዱን ቱቦ በናይሎን ብሩሽ ካጸዱ በኋላ ልዩነቱ ከ2 ዲግሪ በታች ወረደ። አንድ ጥገና መሠራቱን ከዚህ በተሻለ የሚያረጋግጥ ማስረጃ አላውቅም፤ ደረሰኝ ብቻ ተቀብሎ የሚሸኝ አስተዳዳሪ ይህን ቁጥር ቢጠይቅ ይጠቀማል። የቀረውንም ሥራ በጥንቃቄ ሠርተውታል፦ የታወሩን ገንዳ ከአቧራና ከደለል አጽድተዋል፣ ማጥሊያዎቹን አጥበዋል፣ ያረጀውን የፋን ቺንጋ ቀይረዋል፣ የኤሌክትሪክ ማያያዣዎቹን አጥብቀዋል።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ልዩነቱ ተመልሶ 4 ዲግሪ ደረሰ። የቡድኑ ኃላፊ መፍትሔው አሲድ ነው ብሎ በጀሪካን አስመጣ፣ በመላው መሥመር ሊያዘዋውረውም አሰበ። የታወሩ ገንዳ በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ነው፤ አሲድ ዚንኩን ይበላዋል። ስለዚህ ኮንደንሰሩ በቫልቭ ከታወሩ ተለይቶ፣ ለመዳብ ቱቦ በተዘጋጀና ዝገት ተከላካይ በተጨመረበት አሲድ ብቻ እንዲታጠብ ጠየቅሁ። ከጥቂት ክርክር በኋላ ተስማምተው እንደዚያው አደረጉ። ይህን ማሳሰብ የነበረብኝ ግን እኔ አልነበርኩም።

ቅርፊቱ ለምን ቶሎ እንደተመለሰ የነገረኝ ታናሹ ቴክኒሻን ነው። የታወሩ ማፍሰሻ ቫልቭ ተዘግቶ ነበር። ያስዘጋሁት ደግሞ እኔው ራሴ ነበርኩ፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ከጣሪያ ላይ ቀን ከሌት ሲፈስ ማየት አስቆጭቶኝ ለጥበቃው እንዲዘጋው ነገርኩት። ቺለራችን በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ከታወሩ በሰዓት ከግማሽ ሜትር ኪዩብ በላይ ውኃ ይተናል። የሚተነው ንጹሕ ውኃ ብቻ ስለሆነ ካልሲየሙ ገንዳው ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ከሚተነው ግማሽ ያህሉ ከፈሰሰ ክምችቱ ከሚገባው ውኃ በሦስት እጥፍ ላይ ይገታል፤ ቫልቩ ከተዘጋ ግን ልክ የለውም። ስህተቱ የእኔ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን በመካከል መጥተው ገንዳውን ያጠቡት ባለሙያዎች ስለ ቫልቩ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

ውሉን መልሼ ሳነብ ምክንያቱ ገባኝ። ስለ ኮምፕሬሰር፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ቺንጋ በዝርዝር ይናገራል፤ ስለ ውኃው ጥራት ግን ምንም አይልም። በለገዳዲና በገፈርሳ ግድብ ውኃ ለሚሠራ የአዲስ አበባ ሕንፃ ይህ ያን ያህል ላይጎዳ ይችላል፤ የእኛ ውኃ ግን ለዚህ ዓይነት ውል የሚመች አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ቴክኒሻኖቹ የታወሩን ውስጥ በግፊት ውኃ ሲያጥቡ አፍና አፍንጫቸውን አልሸፈኑም። በ1976 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፊላደልፊያ በሚገኝ ሆቴል በተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮች ላይ በተነሣው ወረርሽኝ የታወቀው ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ለብ ባለና አተላ በያዘ ውኃ ውስጥ ይራባል፤ ወደ ሳንባ የሚገባውም በረቂቅ የውኃ ብናኝ ነው። ጭንብሉን የገዛሁላቸው እኔ ነኝ፤ የድርጅቱ ወጪ መሆን ነበረበት።

ይህም ሆኖ ውሉን አድሰነዋል። የዓመቱ ክፍያ ካሁን በፊት በአንድ የግንቦት ብልሽት ካወጣነው ያነሰ ነው፣ መዝገባቸውም ሐቀኛ ነው። በአዲሱ ውል ላይ የማፍሰሻ ቫልቩ ፍተሻ፣ ቅርፊትን የሚከላከል መድኃኒት፣ ባክቴሪያን የሚገድል ኬሚካልና የሠራተኞች መከላከያ ተጨምረዋል። ውኃውን በየወሩ መጥተው ይለኩልን ብንልም የጉዞ አበል በመጠየቃቸው አልተስማማንም፤ በእጅ የሚያዝ የጨው መለኪያ ገዝተን የሕንፃው ኤሌክትሪሺያን ሰኞ ሰኞ ጠዋት እየለካ ቁጥሩን በስልክ ይልክላቸዋል። በቫልቩ አጠገብም በትልቁ «አይዘጋ» ብዬ ጽፌ ለጥፌአለሁ።