የማንቆርቆሪያዬን ሆድ አይቶ ሰላጣዬን ያዳነልኝ ልጅ

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ የወሎ ልጆች። ጽሁፉ ቢረዝምባችሁ ይቅር በሉኝ። ወራት ሙሉ በሆዴ የያዝኩት ነገር ስለሆነ ላሳጥረው ብል አልሆነልኝም።

ይህን የምጽፈው አንድ ልጅ ለማመስገን ነው። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ የትም ሁኑ፣ ያለ አፈር በውሃ ብቻ ሰላጣም ሆነ ቲማቲም ለማልማት የጀመራችሁ፣ በተለይ ደግሞ ጀምራችሁ እንደኔ ሌሊት ሌሊት የምታለቅሱ ካላችሁ፣ ለእናንተም ነው። እንዲህ ያለ ልጅ እዚሁ አጠገባችን እያለ ሰው በማያውቅ እጅ ሲከስር ማየት አልፈልግም።

እኔ 9 ዓመት ጅዳ የሰው ቤት ሠርቼ የተመለስኩ ሴት ነኝ። ይዤ የመጣሁትን ብር የት ላድርገው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ባጃጅ ግዢ ያለኝ አለ፣ ሱቅ ክፈቺ ያለኝ አለ። እኔ ግን እዚያ አገር በረሃው መሀል በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ሰላጣ በውሃ ብቻ ሲበቅል አይቼ ልቤ እዚያ ቀርቶ ነበር። ኮምቦልቻ ከእናቴ ግቢ ጀርባ ያለችውን ቦታ አስጠርጌ የፕላስቲክ ቤት አሠራሁ፣ ቱቦ ዘረጋሁ፣ ፓምፕና በርሜል ገዛሁ። እዚህም ደሴም ሆቴል ሞልቷል፣ ሰላጣ ደግሞ የማይፈልግ ሆቴል የለም ብዬ ነው።

ቱቦውን የሸጡልኝ ሰዎች «አፈር የለ፣ አረም የለ፣ ጉልበት የለ፤ ፓምፑን አስነስተሽ መተኛት ነው» ብለውኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ተኝቼ አላውቅም። ችግኙ መጀመሪያ ሳምንት አማረ። ከዚያ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቢጫ መሆን ጀመረ። ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሀል መሀሉ ገረጣ። ደወልኩላቸው። አንድ ጊዜ አነሱት፣ ሁለተኛ ጊዜ «ስብሰባ ላይ ነኝ» አሉኝ፣ ከዚያ በኋላ የኔን ቁጥር አይተው ማንሳት ተዉ።

ሌላ «ባለሙያ ነኝ» ያለ ሰው መጣ። 6,000 ብር ቅድሚያ ተቀበለኝ። ከግቢዬ ውስጥ የቆየው ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። የውሃ መለኪያ እንኳ አውጥቶ በርሜሉ ውስጥ አልነከረም። «ምግብ አንሶታል፣ እጥፍ አድርጊለት» ብሎኝ ሄደ። ውሃው ላይ የምጨምረውን የተክል ምግብ እጥፍ አደረግኩ። ቢጫው ሳይለቅ የቅጠሉ ጫፍ ደግሞ እንደ ተለበለበ ነገር ተቃጠለ። እሱም ስልክ አያነሳም። አንድ የእርሻ ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ሄጄ ብነግራቸው «ዩሪያ ጣል አድርጊበት» አሉኝ፣ እሱንም አደረግኩ። ከሁሉ የሚያመኝ ግን ምክር ፍለጋ የሄድኩበት አንድ ቢሮ ነው። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «እንደ ዘመዶችሽ አፈር ላይ ብትዘሪ ምን አለበት?» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት የሰው ሽንት ቤት ያጠብኩበት ገንዘብ ነው እኮ! የማንንም ስም አልጠራም። ለአላህ ሰጥቻቸዋለሁ።

ሦስት ዙር ችግኝ ነቅዬ ጣልኩ። እናቴ እያየችኝ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ነው የገደለኝ።

በመጨረሻ ጅዳ አብራኝ የነበረች፣ አሁን ደሴ የምትኖር ጓደኛዬ የዚህን ልጅ ስልክ ሰጠችኝ። እውነቱን ልናገር፣ አላመንኩትም ነበር። ከዚያ ሁሉ በኋላ ማንን ልመን? «ስንት ነው የምታስከፍለው?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄዬ። «መጀመሪያ ልየውና» አለኝ። ቅድሚያ ክፍያ ሳይል የመጣ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ጊዜው የኛም ረመዳን የእነሱም ሁዳዴ አንድ ላይ የገጠመበት ሰሞን ነበር። ከደሴ በጠዋቱ ሚኒባስ ወርዶ ሁለት ሰዓት ላይ ደጃችን ደረሰ። ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ወደ ሰላጣው የሚሮጥ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «እትዬ፣ ውሃው ከየት ነው?» አለኝ። ከግቢያችን ጉድጓድ ነው አልኩት። «ሻይ የምታፈሉትም በዚሁ ነው?» አዎ። «እስቲ ማንቆርቆሪያውን ያሳዩኝ።»

እናቴ ሻይ የፈለገ መስሏት፣ ጾመኛ ሆና እሳት ልታያይዝ ብድግ አለች። «የለም እማማ፣ ሆዱን ብቻ ነው ማየት የምፈልገው» ብሎ ማንቆርቆሪያውን ወደ ብርሃን አዘነበለው። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል፤ የሁላችሁም ቤት ያለው ዓይነት ነው። በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ መዳፉ ላይ አራገፈና አሳየኝ። «እትዬ፣ ሰላጣዎን የያዘው ይሄ ነው» አለኝ።

እንግዲህ የነገረኝን ሁሉ ተረድቻለሁ ብል ውሸት ነው። የገባኝ ይህ ነው፦ ውሃችን ኖራ የተሸከመ ነው። ተክሉ ምግቡን የሚወስደው ደግሞ ፒኤች የሚሉት የውሃው የአሲድነት መለኪያ ቁጥር ልኩ ላይ ሲሆን ነው፤ በውሃ ለሚበቅል ከ5.5 እስከ 6.5 ባለው መሀል። ኖራ ያለበት ውሃ ቁጥሩን ጠዋት ብታወርዱት ቀስ እያለ መልሶ ሽቅብ ይጎትተዋል። ከፍ ሲል አይረን (ብረት) የሚባለው ምግብ በርሜሉ ውስጥ እያለ ሥሩ ሊወስደው አይችልም። «ገበታው ሙሉ ነው እትዬ፣ ግን ተቆልፎበታል» አለኝ። አዲሱ ቅጠል ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ በተቆለፈ ገበታ ላይ ምግብ እጨምራለሁ!

ግን እኔም የፒኤች መለኪያ ነበረኝ። ጠዋት ጠዋት እነክረዋለሁ፣ 6 ይለኛል። 6 ጥሩ ነው ይሉኛል ሁሉም። ስለዚህ ጥፋቱ የኔ እጅ ነው ማለት ነበር። ልጁ ከቦርሳው ሁለት ትንንሽ ጠርሙስ አወጣ፣ አንዱ ልኩ 4፣ ሌላው ልኩ 7 የሆነ ፈሳሽ ነው። የኔን መለኪያ 7 ባለው ውስጥ ሲነክረው 5.9 አለ። እሱ 6 ሲለኝ የኖረው ውሃ 7 አልፎ ነበር ማለት ነው። ከ6 ወደ 7 አንድ ደረጃ ቢመስልም በፒኤች አቆጣጠር አስር እጥፍ ልዩነት ነው አለኝ። የመለኪያው ጫፍ ደርቋል፤ በራሱ ፈሳሽ ርሶ መቀመጥ ነበረበት፣ እኔ ግን አጥቤ ፀሐይ ላይ ነበር የማደርቀው። የሸጡልኝ ሰዎች ይህን አልነገሩኝም።

ሊቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «እርስዎ አላጠፉም እትዬ። መለኪያው ነው የዋሸዎት» አለኝ።

እዚያው በርሜሉ አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያን ያህል ጊዜ አንድ ሰው እንኳ «አላጠፋሽም» ብሎኝ አያውቅም ነበር። ልጁ አላጽናናኝም፣ ዝም ብሎ ፊቱን ወደ ቱቦው አዙሮ ሥራውን ቀጠለ፤ እስክረጋጋ። ይህን የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም፣ አስተዳደግ ነው።

በርሜሉን ሙሉ ደፋነው፤ ያ ዩሪያ የገባበት ሁሉ ወጣ። ዩሪያ አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ነፍሳት ሲለውጡት ነው ለተክሉ የሚመቸው፣ እዚህ አፈር የለም አለኝ። በርሜሉን አጥበን ንጹሕ ውሃ ሞላን። የምግቡን ብዛት በሚለካው ኢሲ በሚሉት ሲያየው የኔ 2.6 ነበር፤ ለሰላጣ ብዙ ነው ብሎ በአዲሱ ውሃ 1.4 ላይ አቆመው። የጫፉን መቃጠል ያመጣው ያ እጥፍ መሆኑ ነው። ከዚያ ፒኤቹን የሚያወርደውን አሲድ በስሪንጅ ጠብ እያደረገ፣ እያማሰለ፣ እየጠበቀ፣ እየለካ 5.8 ላይ አደረሰው። አይቸኩልም። «አሲድ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይፈስስም» እያለ ጓንት አስለብሶ ሁለተኛውን ዙር እኔው እንድሠራው አደረገኝ።

የተክሉ ምግብ በሁለት ጀሪካን ተለይቶ የተቀመጠ ነው፤ ከሁለቱም ላይ ትንሽ ትንሽ ሳይበርዝ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ቀላቀለልኝ። ወዲያው እርጎ መሰለና ነጭ ነገር ከታች ዘቀጠ። እኔ ለካ ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ አንድ ባልዲ ውስጥ ቀላቅዬ ነበር የምጨምረው፤ ያ የዘቀጠው ሁሉ የከፈልኩበት ምግብ ነበር። ከዚያ ጀሪካኖቹ ላይ የነበረውን የፈረንጅ ፊደል በፕላስተር ሸፍኖ በቀይ «ሀ»፣ በአረንጓዴ «ለ» ብሎ ጻፈበት። «ሀ ገብታ ውሃው ውስጥ ሳትሟሟ ለ አትገባም» አለ። ይኸው እስከ ዛሬ እናቴም ጭምር ታውቀዋለች። እሷ ፊደል የቆጠረችው በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ሀ እና ለን አትስትም።

አሁን ደግሞ ልቤን የነካውን ነገር ልንገራችሁ። የኮምቦልቻን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ በዚያ ላይ የፕላስቲክ ቤት ውስጥ ነው። ልጁ ጥቁሩ በርሜል ፀሐይ ላይ በመሆኑ ውሃው ሞቆ ሥሩ ቡናማ እየሆነ ነው ብሎ፣ ቆፍሮ በርሜሉን ግማሽ ድረስ ቀበረው፣ በላዩ ዳስ ሠራለት። ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተጣብቋል። እሱ እንደ ሥርዓቱ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ጾሙን መፍታት ይችል ነበር። እናቴ «ልጄ ውሃ ጠጣ፣ አንተ ላይ የኛ ጾም የለብህም» ብላ ስንት ጊዜ ለመነችው። «እናንተ ሳትቀምሱ እኔ እዚህ ቆሜ አልጠጣም እማማ» አለ። እስከ መግሪብ አንዲት ጉንጭ ውሃ ሳይቀምስ ቆየ። አዛን ሲል ከኛው ጋር ተምር አንስቶ አፈጠረ። ሳምቡሳው ሥጋ መሆኑን ሲያይ እጁን ሰብሰብ ሲያደርግ እናቴ አየችውና ተነስታ በዚያ ሰዓት የምስር ሳምቡሳ ጠበሰችለት። እየበላ ስታየው «ዱንያህም አኺራህም ይመር» ብላ መረቀችው። ወሎ ይህ ነው።

ሒሳብ ስንት ነው ስለው 1,500 ብርና የትራንስፖርት አለኝ። ስጨምርለት መለሰልኝ። «ሰላጣው ሲሸጥ ከፈለጉ ያኔ» አለ። የኔን መለኪያ ጫፉን ፈሳሹ ውስጥ አቆይቶ እንዲያገግም ሞከረው፤ አልመለስ ሲል የራሱን ትርፍ መለኪያ ትቶልኝ ሄደ፣ አዲስ እስክገዛ። ይታያችሁ፣ ለማያውቀው ሰው!

ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከተራዊህ በኋላ ይደውላል። ሰላምታ እንኳ ሳያስረዝም «ዛሬ ጠዋት ስንት አለ? ማታስ?» ነው የሚለው። ጠዋትና ማታ በደብተር እንድጽፍ አዞኛል፣ እጽፋለሁ፣ አነብለታለሁ። ከፍ ካለ ይነግረኛል፣ ዝቅ ካለ ይነግረኛል። «የገረጣውን ቅጠል አይዩ፣ አዲስ የሚወጣውን ይዩ» ይለኝ ነበር። በስድስተኛው ቀን ሱሑር በልቼ በእጅ ባትሪ ገብቼ ሳይ፣ መሀል ላይ የወጣችው ትንሿ ቅጠል አረንጓዴ ናት። እናቴን ከሰላት ላይ ልጠራት ምንም አልቀረኝም።

ያ ዙር 210 ራስ ሰላጣ አወጣልኝ። ሁለት ሆቴሎች አሁን በየሳምንቱ ይወስዱኛል። የመጀመሪያውን እቅፍ ይዤ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ደሴ ድረስ ወጥቼ ሰጠሁት፤ የቀረውንም ብር አብሬ። ብሩን አልተቀበለኝም። ሰላጣውን ለጎረቤቶቹ አከፋፈለው፣ ለራሱ አንድ ራስ አስቀረ።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ በተለይ ከዐረብ አገር ተመልሳችሁ የላባችሁን ብር በዚህ ሥራ ላይ ልታፈሱ ያሰባችሁ፣ ቱቦና ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ልጅ አግኙት። ውሃችሁን ያይላችሁ። የማያዋጣ ከሆነ «አያዋጣም» ይላችኋል፤ እዚሁ እኛ ሰፈር አንዲት ሴት ጉድጓዷን አይቶ «እትዬ፣ በዚህ ውሃ አይጀምሩት፣ ጨው ይበዛበታል» ብሎ ያለ ክፍያ መልሷታል። ሥራ እያጣ እውነት የሚናገር ባለሙያ ስንት አለን? መለኪያ ያላችሁም እባካችሁ በእነዚያ በ4 እና በ7 ፈሳሾች ሳታስፈትሹት አትመኑት። የፈሳሹ ዋጋ እኔ ከጣልኩት የአንድ ዙር ችግኝ አይበልጥም።

ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳልለጥፍ የጠየቀኝ ራሱ ነው፤ ሰው በአንዴ ከበዛበት የጀመረውን መከታተል እንዳያቅተው ፈርቶ ነው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉለት ከኮምቦልቻዋ እትዬ ነው በሉት። እና እሱ እስኪመጣ ድረስ ማንቆርቆሪያችሁን አትፈግፍጉት።